39 ግራም የምትመዝን ካሜራ በሞዴል አውሮፕላን ላይ፦ ከ40 በረራ በኋላ የተጻፈ ግምገማ

የዚህ ግምገማ ርእስ ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማትበልጥ፣ 39 ግራም ብቻ የምትመዝን ዲጂታል ካሜራ ናት። ይህችን የመሰሉ ካሜራዎች በተለያየ ስምና ቀለም ስለሚሸጡ፣ ገዢን የሚጠቅመው በማሸጊያው ላይ የታተመው ስም ሳይሆን ውስጣቸው ያለው ነገር ነው። የእኔዋ ምስል የሚታይበት መስኮት የላትም፤ ያሏት ሦስት አዝራሮች፣ አንዲት አመልካች መብራት፣ የማይክሮ ኤስዲ ካርድ ማስገቢያና ውስጧ የታሸገ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ናቸው። ፎቶ ስታነሣ 2304 በ1536 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች)፣ ቪዲዮ ስትቀርጽ ደግሞ 1920 በ1080 ፒክስል የሆነ ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ትይዛለች። ከፎም በተሠራ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.4 ሜትር በሚረዝምና ሞተሩ ከክንፉ ኋላ በተተከለ ሞዴል አውሮፕላን ላይ አስሬ 40 ጊዜ ያህል አብርሬያታለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ብልጫዋ ክብደቷ ነው። ጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ ዩሊየስ ኖይብሮነር በ1908 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ካሜራ በርግብ ደረት ላይ የሚታሰር ነበር፤ ርግብ ልትሸከመው የምትችለው ጭነትም ከ75 ግራም ስለማይበልጥ ሰውየው እያንዳንዱን ግራም መቁጠር ነበረበት። ይህች ካሜራ የዚያን ገደብ ግማሽ ያህል ብቻ ትመዝናለች። ይሁን እንጂ ቀላል ናት ማለት የትም ብትቀመጥ ለውጥ አታመጣም ማለት አይደለም። 750 ግራም በሚመዝነው አውሮፕላኔ አፍንጫ ላይ፣ ከሚዛኑ ነጥብ፣ ማለትም አውሮፕላኑ ቢደገፍበት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል ከሚቆምበት ቦታ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ባሰርኳት ጊዜ የሚዛኑ ነጥብ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ፊት ሄደ፤ አውሮፕላኑም ሞተሩ በጠፋ ቁጥር አፍንጫውን እየደፋ ያስቸግረኝ ጀመር። ባትሪውን ወደ ኋላ በመግፋት ማካካስ ቢቻልም፣ በመጨረሻ የመረጥኩት ካሜራዋን ከሚዛኑ ነጥብ ሥር፣ ከክንፉ መሐል በታች፣ ፎሙን በቢላዋ ቦርቡሬ ማስገባትን ነው። በዚህ ቦታ ካሜራዋ ብትኖርም ባትኖርም አውሮፕላኑ አንድ ዓይነት ሆኖ ይበራል።

ፎቶው መልካም ወይም መጥፎ መሆኑን የሚወስነው ግን ከሁሉ በላይ ንዝረት ነው፤ ስለዚህም በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። በእነዚህ ትናንሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለው የምስል ዳሳሽ ፎቶውን በአንድ ቅጽበት አይወስደውም፤ ከላይኛው መስመር ጀምሮ እስከ ታችኛው ድረስ መስመር በመስመር ያነብበዋል። ንባቡ 1/30 ሰከንድ ያህል ቢወስድና ፕሮፔለሩ በደቂቃ 9,000 ጊዜ ቢዞር፣ አንድ ምስል ተነብቦ እስኪያበቃ ፕሮፔለሩ አምስት ጊዜ ዞሯል ማለት ነው። ፕሮፔለሩ ሚዛኑን የሳተ ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር ካሜራዋን አንድ ጊዜ ይነቀንቃታል፤ በፎቶውም ላይ ቀጥ ያለው መንገድ እንደ እባብ ተጠማዞ፣ የቤቱ ግድግዳ እንደ ውኃ ተወዛውዞ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት በረራዎች ያገኘኋቸው ፎቶዎች በሙሉ እንዲህ ያሉ ስለነበሩ ካሜራዋ የተበላሸች መስሎኝ ልመልሳት አስቤ ነበር። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም።

መፍትሔው ከሦስት ቦታ መጣ። አንደኛው ፕሮፔለሩን ማመዛዘን ነው፤ በቀጭን ዘንግ ላይ አጋድሞ ወደ ታች የሚያዘነብለውን ጎን መለየትና ሁለቱ ጎኖች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ክብደቱ በሚያንሰው ጎን ጀርባ ላይ ትንሽ ቁራጭ ፕላስተር መለጠፍ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው ካሜራዋ የምታርፍበት ነገር ነው። በሁለቱም ገጹ የሚያጣብቅ ቀጭን ፕላስተር ንዝረቱን ሳይቀንስ እንዳለ ያሳልፈዋል፤ በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ደግሞ ንዝረቱን ቢቀንስም በነፋስ ግፊት ካሜራዋ እንድትወዛወዝ ይፈቅዳል። ለእኔ የሠራው ለጆሮ መድፈኛነት የሚያገለግለው፣ ሲጫኑት ቀስ ብሎ ወደ ቦታው የሚመለሰው ስፖንጅ ነው፤ አራት ቁራጮቹን በአራቱ ማዕዘኖች ሥር አድርጌ ካሜራዋን ከላይ በሰፊ ላስቲክ አስሬያታለሁ። ላስቲኩ ቢበጠስ እንዳትወድቅ በቀጭን ሲባጎ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ማያያዝም ግድ ነው፤ ከ100 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ነገር 39 ግራምም ቢሆን ሰውን ይጎዳል። ሦስተኛውና ከሁለቱም የበለጠው መፍትሔ ሞተሩን አጥፍቶ መንሳፈፍ ነው። አውሮፕላኑን እስከሚፈለገው ከፍታ አውጥቼ ሞተሩን ሳጠፋ ንዝረቱ ወዲያው ይቆማል፤ በመንሳፈፍ ላይ ሳለሁ የተነሡት ፎቶዎች ሞተር እየሠራ ከተነሡት ጋር ሲነጻጸሩ የሌላ ካሜራ ሥራ ይመስላሉ። ይህችን ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አውሮፕላኑን ሲመርጥ በደንብ የሚንሳፈፍ ዓይነት እንዲመርጥ አጥብቄ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመዝጊያው ፍጥነት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፎቶ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ርዝመት፣ የካሜራዋ ደካማ ጎን ነው። በራሷ ትወስነዋለች እንጂ ተጠቃሚው ሊያስተካክለው አይችልም። ሌንሷ ወደ ጎን 60 ዲግሪ ያህል ስለሚያይ፣ ከ100 ሜትር ከፍታ ቀጥታ ወደ ታች ሲነሣ አንድ ፎቶ 115 ሜትር በ77 ሜትር የሚሆን መሬት ይሸፍናል፤ እያንዳንዱ ፒክስልም 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሬት ይይዛል። አውሮፕላኑ በሰከንድ 12 ሜትር ሲበር መዝጊያው 1/1000 ሰከንድ ብቻ ከተከፈተ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሄደው 1.2 ሴንቲ ሜትር ነውና ምንም ብዥታ አይታይም። በደመናማ ቀን መዝጊያው 1/100 ሰከንድ ቢቆይ ግን 12 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ይህም ከሁለት ፒክስል በላይ ነው። ከዚህም የከፋው የአውሮፕላኑ መጋደል ነው። አውሮፕላኑ በሰከንድ 30 ዲግሪ እየተጋደለ ሳለ በዚሁ 1/100 ሰከንድ የተነሣ ፎቶ ከ10 ፒክስል በላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ አብራሪው ፍጥነቱን ከመቀነስ ይልቅ ክንፉን ጸጥ አድርጎ መያዝ እጅግ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ በመታጠፊያ ላይ የተነሡትን ፎቶዎች እኔ ሳላያቸው እጥላቸዋለሁ።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። የመሬትን ጉብታና ጉድባ፣ የቆየ የእርከን መስመርን፣ የተረሳ የመሠረት ግንብን አጉልቶ የሚያሳየው ጠዋትና ማታ ወደ ጎን ዘንበል ያለው ፀሐይ ነው፤ ረጅሙ ጥላ እኩለ ቀን ላይ ጠፍጣፋ የሚመስለውን ሜዳ ገጽታ ይሰጠዋል። ነገር ግን ይህች ካሜራ በጣም የምትቸገረው በዚያው ሰዓት ነው፤ ብርሃኑ በቀነሰ መጠን መዝጊያዋን ታዘገያለች፣ በጥላው ውስጥም ነጠብጣብ ታበዛለች። ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ነፋሱ ገና ሳይነሣ፣ መካከለኛ የሆነ ጊዜ ይገኛል፤ ካነሣኋቸው ፎቶዎች ውስጥ የምወዳቸው ሁሉ ከዚያ ሰዓት የተገኙ ናቸው።

ፈረንሳዊው አርተር ባቱ በ1888 እ.ኤ.አ. በካይት (በገመድ ተይዞ በነፋስ በሚንሳፈፍ መብረሪያ) ላይ ካሜራ አስሮ ፎቶ ሲያነሣ መዝጊያውን የሚያስከፍተው ቀስ ብሎ የሚነድ ክር ነበር፤ በአንድ በረራ የሚያገኘውም አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። በዚህች ካሜራ ላይ ያንን ሥራ የሚሠራው በራሷ ጊዜ እየቆጠረች ደጋግማ እንድታነሣ የሚያደርጋት ማስተካከያ ሲሆን፣ ይህ ያለ ምንም ተጨማሪ ሽቦና መቆጣጠሪያ የሚሠራ በመሆኑ ከሁሉም ችሎታዋ የማደንቀው ነው። ፎቶዎቹን በኮምፒውተር አጋጥሞ አንድ ትልቅ የመሬት ምስል ለመሥራት የሚፈልግ ሰው አንዱ ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር ቢያንስ 60 በመቶ ያህል እንዲደራረብ ማድረግ አለበት። የፎቶው አጭር ጎን በበረራው አቅጣጫ ሆኖ በየ2 ሰከንዱ ከተነሣ አውሮፕላኑ በመካከሉ የሚሄደው 24 ሜትር ስለሆነ መደራረቡ ወደ 69 በመቶ ይደርሳል፤ በየ5 ሰከንዱ ከሆነ ግን 22 በመቶ ብቻ ነው፤ ይህም አይበቃም። በሰከንድ 4 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲኖር ስሌቱ ይለወጣል፦ በነፋሱ ላይ (ነፋሱን ፊት ለፊት እየገጠሙ) ሲበሩ በ2 ሰከንድ 16 ሜትር፣ ከነፋሱ ጋር ሲበሩ 32 ሜትር ይሄዳል። እኔ ከነፋሱ ጋር ስመለስ የተነሡትን ትርፍ አድርጌ ቆጥሬ ሥራውን በነፋሱ ላይ በማደርገው በረራ መጨረስን ለምጃለሁ።

ሌንሷ ሰፊ ስለሆነ በፎቶው ዳር ያሉ ቀጥ ያሉ መስመሮች ወደ ውጭ ይለጠጣሉ፤ ይህንን ግን የተለመዱት የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራሞች ያስተካክሉታል። የበለጠ ትኩረት የሚሻው የሌንሱ የትኩረት ርቀት ነው። የእኔዋ ከሳጥኑ ስትወጣ ለቅርብ ነገር የተስተካከለች ስለነበረች ሩቁን በደንብ አታሳይም ነበር፤ ሌንሱን የያዘውን ማጣበቂያ በጥንቃቄ ፈትቼ፣ ሩቅ ያለ ሕንፃ ላይ አነጣጥሬ፣ በጥቂት በጥቂቱ እያዞርኩ ካስተካከልኩት በኋላ ቅጠልን ከቅጠል የምትለይ ሆናለች። ቀለሟ ጥሩ ነው፤ አረንጓዴን ብቻ ጥቂት ታጋንናለች።

ባትሪዋ ከአንድ ሰዓት በላይ ያሠራል፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ ከሚቆይበት ጊዜ ስለሚበልጥ ያሳሰበኝ ጊዜ የለም። ያሳዘነኝ ካርዱ ነው። ከካሜራዋ ጋር ከአንድ መደብር የገዛሁት ካርድ 32 ጊጋ ባይት ይይዛል ተብሎ ቢጻፍበትም በእውነት የሚይዘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር፤ ከሞላ በኋላ የሚመጡትን ፎቶዎች የተቀበለ እየመሰለ የሁለት ቀን ሥራዬን አጠፋብኝ። ካርድ ከመብረሩ በፊት በኮምፒውተር እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ መፈተሽ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ቪዲዮ ለሚቀርጹ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፦ ካሜራዋ ፋይሉን ሳትዘጋ ኃይል ከተቋረጠባት የተቀረጸው ላይከፈት ይችላልና፣ አውሮፕላኑ እንዳረፈ ሁሉን ትቶ መጀመሪያ የማቆሚያውን አዝራር መጫን ይገባል።

በዛሬው ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚያነሣ፣ ካሜራውን በራሱ የሚያረጋጋ ድሮን በቀላሉ ስለሚገኝ፣ ይህን ሁሉ ድካም ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክል ነው። የአንድ ቤት ወይም የአንድ ዛፍ ፎቶ ለሚፈልግ ድሮን ይሻለዋል፤ ይህችን ካሜራ አልመክረውም። ሰፊ መሬት ለማንሣት ግን አውሮፕላኑ በ20 ደቂቃ ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፣ ድምፁም አይረብሽም፤ ቢወድቅ የሚሰበረው በማጣበቂያ የሚጠገን ፎም ነው። ብዙ አገሮች 120 ሜትር ገደማ የሆነ የከፍታ ወሰን እንዳላቸውና አውሮፕላኑ ሁልጊዜ በዓይን መታየት እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው በተሰበሰበበት ላይ አለማብረር፣ የሌላውን ግቢም ያለ ፈቃዱ አለማንሣት ሕግ ባይጠይቀው እንኳ የሚገባ ነገር ነው።

ይህችን ካሜራ በድጋሚ ብገዛ ሁለት ነገር እጨምርበታለሁ፦ በማረፍ ጊዜ ሣርና ጠጠር ሌንሱን እንዳይፍቀው፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ግራና ቀኝ የሚለጠፉ ሁለት ጠንካራ የፕላስቲክ ዘንጎች፤ እንዲሁም አሮጌው በተቧጨረ ጊዜ የሚተካ መለዋወጫ ሌንስ። የእኔው በ31ኛው በረራ ተቧጭሯል፤ ከዚያ ወዲህ ባነሣኋቸው ፎቶዎች ሁሉ በቀኝ በኩል፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው የሚታይ ቀጭን ነጭ መስመር አለ።