የአንገት ዶፕለር፦ ማሽኑና ባለሙያው ግሩም፣ ሌላው እንጃ

የአንገት ደም ስር ዶፕለር፣ ማለትም የደሙን ፍሰት የሚያሳየው የአልትራሳውንድ ምርመራ፣ ታዞላችሁ ለምታቅማሙ ነው የምጽፈው። ምርመራው ራሱ ጥሩ ነው። አያምም፤ መርፌም ጨረርም የለውም። መስተንግዶው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ደም ግፊትም አለብኝ። ሐኪሜ ማዳመጫውን አንገቴ ላይ አሳርፎ «እዚህ ጋ ድምፅ ይሰማኛል» ብሎ ነው የላከኝ። ደም በደህና ሲፈስ ዝም ያለ ነው። የሚያፏጨው መንገዱ ሲበላሽበት ነው።

የሄድኩት ሃያ ሁለት አካባቢ ወዳለ የምርመራ ማዕከል ነው፤ ስሙን ልተወው። ለሦስት ሰዓት ተቀጥሬ የገባሁት ከአምስት በኋላ ነው። ክፍሉ ብርድ፣ ጄሉ ከክፍሉ የባሰ። መጥረጊያ ብለው የሰጡኝ ሶፍት አንገቴን አላዳረሰም።

ባለሙያው ልጅ ግን ይባረክ! ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። ደም ቅዳው ቀጥ ባለበት ወጥ ቀይ ነው። ከመንጋጋ በታች፣ ካሮቲዱ (ወደ ጭንቅላት ደም የሚወስደው የአንገት ደም ቅዳ) ለሁለት የሚከፈልበት እብጥ ያለ ቦታ ሲደርስ፣ ቀዩ መሃል ሰማያዊ ብልጭ ይላል፤ ይጠፋል፤ ደግሞ ብልጭ።

«ልጄ፣ ይሄ ደም መልስ ነው?» አልኩት።

«አይደለም እናቴ፣ ቀለሙ አቅጣጫ ነው የሚያሳየው። እዚህች ጥግ ላይ ደሙ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጤነኛ ሰውም ላይ አለ።»

ለዚያች ሰማያዊ ብልጭታ ብቻ ብከፍልም አይቆጨኝም። ወንዝ ሲታጠፍ ዳር ዳሩን ውሃው እንደሚዞረው ማለት ነው። የደም ስርን ውስጡን የሸፈኑት አንድ ረድፍ ህዋሳት፣ ኢንዶቴሊየም የምንላቸው፣ የደሙን ፍትጊያ ለይተው ያውቃሉ። ደሙ በአንድ አቅጣጫ በደንብ ሲያሻቸው በፍሰቱ መስመር ይጋደማሉ፤ ስሩን የሚያፍታታውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመርታሉ፤ ጎጂ ኦክሲዳንቶችን የሚያመክኑ ኢንዛይሞቻቸውንም ያበዛሉ። ደሙ ወዲያ ወዲህ ሲል ድርድራቸው ይፈርሳል። ናድፒኤች ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ኦክሲዳንት ማምረቱን ያበዛል፤ ይሄ ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይዱን ጠልፎ ፐሮክሲናይትራይት ያደርገዋል። መድኃኒቱን አጥፍቶ በቦታው መርዝ ተካ በሉት። ኦክሲዳቲቭ ስትረስ፣ ማለትም ኦክሲዳንቱ ከመከላከያው ሲበልጥ የሚመጣው ጉዳት፣ እዚያች ጥግ ላይ የሚበረታው እንዲህ ነው። ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ ኮሌስትሮሉ መላ ሰውነትን ያዳርሳል፤ ፕላኩ (በስሩ ግድግዳ ውስጥ የሚጠራቀመው ስብ) ግን ቦታ መርጦ የሚጀምረው እንዲህ ያለ መገንጠያ ላይ ነው።

የእኔም በግራ በኩል እዚያው ላይ ጀምሯል፤ ስስ ነው። የደሙ ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ ከ125 ሴንቲ ሜትር በታች ስለሆነ፣ የስሩ መጥበብ ከግማሽ በታች ነው ተባልኩ።

ቅሬታዬ ሪፖርቱ ላይ ነው። አንዲት መስመር! ፍጥነቱ አልተጻፈም። ዓመት ቆይቼ ብመለስ ከምን ጋር ሊያወዳድሩት ነው? ተመልሼ ተሟግቼ በእስክሪብቶ አስጻፍኩ።

ምድር ቤት ያለው ፋርማሲ ደግሞ ወረቀቴን አይቶ «አንቲኦክሲዳንት ነው የሚያስፈልግሽ» ብሎ ቫይታሚን ኢ አወጣልኝ። ሆፕ የተባለው ትልቅ ጥናት ውጤቱን በ2000 እ.ኤ.አ. አውጥቷል፤ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ለዓመታት የወሰዱት ሰዎች ከድንገተኛ የልብ ሕመምም (ሃርት አታክ) ከስትሮክም አልተረፉበትም። ህዋሳቱ የራሳቸውን መከላከያ የሚያበዙት ደሙ በአንድ አቅጣጫ በርትቶ ሲፈስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ እንቅስቃሴ ነው። ብሩን ለስኒከር ባወጣው ይሻለኛል ብዬ ወጣሁ። የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቴን ሐኪሜ ባዘዘልኝ መሠረት እወስዳለሁ፤ እሱ ላይ ቀልድ የለም።

ምንም ምልክት የሌለባችሁ ሰዎች፣ «ቼክ አፕ ፓኬጅ» ውስጥ ጨምረው ሲሸጡላችሁ አትቸኩሉ። የአሜሪካው የመከላከል ሕክምና መመሪያ አውጪ ቡድንም ምልክት ለሌለበት ሰው አይመክረውም። ሐኪም ካዘዘላችሁ ግን ሂዱ። አንገተ ሰፊ ልብስ ልበሱ፣ ሶፍት ያዙ፣ ነጠላም አይጠፋ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ሪፖርቱ ላይ የፍሰቱ ፍጥነት በቀኝም በግራም ይጻፍ እንደሆነ ጠይቁ።