ምስጋና ለክትትል ነርሷ፣ ጥቆማ ፀጉር ለሚያስተክሉ ሁሉ

ስለ ፀጉር ንቅለ ተከላ ሲወራ ስሙ የሚነሳው የሐኪሙ ነው። ይገባዋልም፤ የፊት የፀጉር መስመሩን የሚነድፈው፣ ፀጉሩ የሚተከልባቸውን ቀዳዳዎች በልካቸውና በአቅጣጫቸው የሚከፍተው እሱ ነው። እኛ ግን ዛሬ ማመስገን የፈለግነው ታካሚው ከወንበሩ ከተነሳ በኋላ ያለውን ሥራ የምትሸከመውን የክትትል ነርስ ነው። ስሟ እንዲጠቀስ ስላልፈለገች ሲስተር እያልን እንቀጥላለን። ጥቆማችን ደግሞ ሕክምናውን ላሰባችሁ ሁሉ ነው፦ «ስንት ግራፍት ትተክሉልኛላችሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ከዚያ በኋላ ያሉትን አሥር ቀናት የሚከታተለኝ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሥር ቀን የምንለው በምክንያት ነው። ግራፍት ማለት ከ1 እስከ 4 ፀጉር የያዘች ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት። ከማጅራት ስትወሰድ የደም ሥሯ ተቆርጧል፤ አዲስ የደም ሥር እስኪያያዝላት ድረስ በዙሪያዋ ካለው ፈሳሽ እየሳበች ነው የምትቆየው። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ፀጉሩን መሳብ ብቻ ሥሩን ይዞት ይወጣል። እስከ 5ኛው ቀን ገደማ የተጣበቀ ቅርፊት የሚልጥ ሰው ሥሩንም አብሮ ይነቅላል። ከ9ኛው ወይም ከ10ኛው ቀን በኋላ ግን ግራፍቱ ከቆዳው ጋር ስለሚዋሃድ በመታጠብም በማሸትም አይወጣም። ሲስተር «ዛሬ አትንኩ፣ ነገ በእርጋታ፣ ከነገ ወዲያ እሹት» የምትለው ሁሉ በእነዚህ ቀናት ላይ የቆመ ነው። ለዚህ ነው ትእዛዟ በየቀኑ የሚለዋወጠው።

መመሪያዋን የምትሰጠው ከሕክምናው በፊት ነው። ለሰዓታት ወንበር ላይ የቆየ፣ ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ከሚነገረው ግማሹን አይዝም፤ ስለዚህ አስታማሚውንም አብራ ታስቀምጣለች፣ በወረቀትም ትሰጣለች። የምታስገዛው ነገር ብዙ አይደለም። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ (በራስ የሚጠለቅ ልብስ ግራፍቱን ይገፋል)፣ የአንገት ትራስ፣ ደቃቅ ጠብታ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ኖርማል ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውሃ)፣ ንጹህ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ)፣ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሻምፑና አፈ ሰፊ ኩባያ ይበቃል። ጥፍር የሚቆረጠውም ያኔ ነው፣ የታካሚውም የአስታማሚውም።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት፣ ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት፣ በየ1 ወይም በየ2 ሰዓቱ የተተከለው ቦታ ላይ ሳላይን ይረጫል። ጠርሙሱ ከራስ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ይያዛል፤ ውሃው እንደ ጤዛ ይረፍ እንጂ አይውረድ። ዓላማው ደምና ፈሳሹ ደርቆ ወፍራም ቅርፊት እንዳይሠራ ነው። ማጅራቱ ላይ ደም ቢያዥ፣ በንጹህ ጎዝ 10 ደቂቃ ሙሉ ተጭኖ መያዝ ነው፤ ቆሞ እንደሆነ ለማየት በየደቂቃው ማንሳት የረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋል። በመጀመሪያው ሌሊት ትራስ ላይ ትንሽ ደም ማየት የሚያስደነግጥ አይደለም። ከተተከለበት ቦታ ግራፍት ወጥቶ ከደማ ግን በቀስታ ጫን አድርጉና ወዲያው ደውሉ፤ ራሳችሁ መልሳችሁ ለመክተት አትሞክሩ።

መኝታን በተመለከተ ሲስተር ድርድር አታውቅም። ከ5 እስከ 7 ሌሊት፣ ከወገብ በላይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ በጀርባ ነው የሚተኛው። የአንገት ትራሱ ጭንቅላት ወደ ጎን እንዳይዞር ይይዛል። ከፍ ማለቱ ደግሞ ለእብጠቱ ነው። በሕክምናው ጊዜ ቆዳ ውስጥ የተወጋው የማደንዘዣ ፈሳሽ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ግንባር ላይ፣ ከዚያም የዓይን ቆብና የአፍንጫ ግንድ ላይ ይደርሳል። አንዳንዱ ሰው ጠዋት ተነስቶ ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጣል፤ የተነገረው ግን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ግንባሩ ላይ ብቻ (ግራፍቱ ላይ በፍጹም) ለጥቂት ደቂቃ እያደረገ፣ በጣቶቹ ከግንባሩ መሃል ወደ ጆሮ ግንዱ ቀስ ብሎ እየገፋ ይጠብቃል። እብጠቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሄዳል። ትኩሳት ካለው፣ ወይም አንድ ጎን ብቻ ቀልቶ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነውና መታየት አለበት።

የሲስተርን ሙያ በደንብ የምታዩት በመጀመሪያው እጥበት ነው፤ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን። እሷ ራሷ ታጥባለች፣ አስታማሚው አጠገቧ ቆሞ ያያል፣ ታካሚው በመስታወት ይከታተላል። መጀመሪያ ቅርፊት የሚያለሰልስ ሎሽን ወይም ፎም በመዳፍ ተይዞ፣ ሳይታሽ፣ እየነካካ ይቀመጣል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በኩባያ ቀስ እያለ ይፈስሳል፤ የሻወር ግፊት በቀጥታ አያርፍበትም፣ ሙቅ ውሃም ደም ስለሚያነሳሳ አይሆንም። ሻምፑው መዳፍ ላይ አረፋ እስኪሆን ይታሻል፤ ራስ ላይ የሚያርፈው አረፋው ነው። በጣት ለስላሳ ጫፍ ነካ፣ ነሳ እየተደረገ 1 ወይም 2 ደቂቃ፣ ከዚያ በኩባያ ማለቅለቅ። ማጅራቱ ላይ በእርጋታ ማሸት ይቻላል፣ በፎጣም ተደግፎ ይደርቃል። የተተከለው ቦታ ግን ፎጣ አይነካውም፤ በአየር ይድረቅ። በማግሥቱ ታካሚው ራሱ ይታጠብና እሷ ታያለች፤ እጁ የት ላይ እንደከበደ፣ የት ላይ ፈርቶ እንደዘለለ ትነግረዋለች።

ችግር የሚያመጣው የሚቧጭር እጅ ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ መነገር አለበት። የሚፈራ እጅም ያመጣል። ግራፍቴ ይነቀላል ብሎ ሳይታጠብ የሚሰነብት ሰው ቅርፊቱ ይወፍርበታል፣ ከሥሩ ይሸታል፣ ባክቴሪያ ይይዛል፣ ቆዳውም ቀልቶ ይቆያል። ስለዚህ እጥበቱ በየቀኑ ነው። ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ሎሽኑ ትንሽ ቆየት ተደርጎ፣ በጣት ጫፍ ክብ እየሠሩ በመጠነኛ ጫና ማሸት ይጀመራል፤ እስከ 14ኛው ቀን ራሱ ንጹህ መሆን አለበት። ማሳከኩ በዚህ መሃል ይበረታል። መልሱ ሳላይን መርጨት ነው፤ ካላስቻለ ሐኪሙ የማሳከክ መድኃኒት ያዛል።

ቅርፊቱ ሲረግፍ አጭር ፀጉር አብሮ ይወጣል፣ ስልክ የሚጨናነቀውም ያኔ ነው። ሲስተር አትሰለችም። «ደም አለው?» ብላ ትጠይቃለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተነቀለ ግራፍት ቦታው ይደማል፤ ከ10ኛው ቀን በኋላ ያለ ደም፣ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ይዞ የወጣ ፀጉር ግን የረገፈው ዘለላው ነው፣ ሥሩ ቆዳው ውስጥ ቀርቷል። ከ2ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የተተከለው ፀጉር አብዛኛው ይረግፋል፤ ሥሩ ከድንጋጤው ወደ እረፍት ስለሚገባ ነው። በአጠገቡ ያለው የቀድሞ ፀጉርም ሊሳሳ ይችላል፤ አብዛኛው ይመለሳል፣ አስቀድሞ ቀጥኖ የደከመው ግን ላይመለስ ይችላል። አዲሱ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ወር ቀጭን ሆኖ ይወጣል፣ በ6ኛው ወር መልክ ይይዛል፣ በ12ኛው ወር ገደማ አብዛኛው ይደርሳል። አናት ላይ የተተከለ ከሆነ እስከ 18 ወር መጠበቅ አለ። ይህን በ2ኛው ወር ላይ፣ መስታወት ፊት ተስፋ ለቆረጠ ሰው ረጋ ብሎ ማስረዳት ትልቅ ሥራ ነው። ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ፤ አንደበትሽም።

አዲሱ ፀጉር ቆዳውን ሰብሮ ሲወጣ ብጉር የመሰሉ ነገሮች ብቅ ይላሉ። ጥቂት ከሆኑ በለብታ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ በቀን ሁለት ሦስቴ ማስቀመጥ ይበቃል፤ አይፈርጥም። ከበዙ፣ መግል ከቋጠሩ ወይም እየሰፉ ከሄዱ ሐኪም ይያቸው። ፀጉሩ የሚጠቀለል ሰው በዚህ በኩል የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ ዘለላው ታጥፎ መልሶ ወደ ቆዳው ሊገባ ይችላል። ጠባሳው የሚያብጥበት፣ ኬሎይድ የሚያወጣ ሰውም ይህን መናገር ያለበት ከሕክምናው በፊት ነው። ቅባትና ወፍራም ፖማድ የተተከለው ቦታ ላይ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ሳምንታት አይደረግም፤ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቀለምም ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆይ። አጥብቆ መሠራት፣ ዊግ በማጣበቂያ መለጠፍ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ማስቀጠል ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ሲጎተት የኖረ ሥር ለዘለቄታው ሊሞት ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ግንባሯ ላይ ፀጉሯ ሸሽቶ ያስተከለች ሴት ወደዚያው አሠራር ብትመለስ አዲሱንም ልታጣው ትችላለች።

ብዙ ክሊኒኮች የሚዘሉት፣ ሲስተር ግን የማትረሳው አንድ ነገር አለ፤ መደንዘዝ። የተወሰደበትም የተተከለበትም ቆዳ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ፀጉር ማድረቂያ በሙቁ ቢደረግ ቆዳው ሲቃጠል ባለቤቱ አያውቅም። ፀሐይም እንዲሁ ነው። ማድረቂያው በቀዝቃዛው ብቻ፣ ኮፍያውም ሰፋ ያለና ከግራፍቱ የራቀ ይሁን።

ስለ መድኃኒት የምትለው አጭር ነው። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ሐኪሙ ካልፈቀደ አይወሰዱም፣ ደም ስለሚያቀጥኑ። ነገር ግን ለልብ ወይም ለደም መርጋት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ያዘዘለትን ሐኪም ሳይጠይቅ በራሱ አያቋርጥም። ሲጋራ የደም ሥርን ያጠባል፣ ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ከሕክምናው በፊትም በኋላም ቢያንስ ለ2 ሳምንት ይቁም። ክብደት ማንሳትና ማጎንበስ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ዋናና ሳውና ለአንድ ወር ያህል ይቅሩ። የፀጉር መሳሳትን የሚያዘገዩትን ሚኖክሲዲልና ፊናስቴራይድ የሚወስዱ ሰዎች መቼ እንደሚቀጥሉ ከሐኪማቸው ይወቁ እንጂ «አስተክያለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» አይበሉ። ከማጅራት የመጣ ፀጉር የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ እንደሚኖር አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ኖርማን ኦረንትራይች በ1959 (እ.ኤ.አ.) አሳይተዋል። ንቅለ ተከላው የሚሠራውም ለዚህ ነው። ያልተተከለው የቀድሞ ፀጉር ግን መሳሳቱን ይቀጥላል፤ መድኃኒቱ የሚጠብቀው ያንን ነው።

ክሊኒክ ስትመርጡ እንግዲህ እነዚህን ጠይቁ። የመጀመሪያውን እጥበት የሚያጥብ ሰው አለ ወይስ ወረቀት ብቻ ሰጥታችሁ ትሸኛላችሁ? ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ማን ነው፣ የሠለጠነ ነርስ ወይስ እንግዳ ተቀባይ? የቁስሉ ፎቶ በስልክ የሚላከው ለማን ነው፣ በስንት ሰዓት ውስጥስ መልስ ይመጣል? በተለይ የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ያዙ። የተተከለው ቦታ መሃሉ ላይ ከጠቆረ ወይም ሐምራዊ ከመሰለ፣ ሕመሙ በየቀኑ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ የሚሸት ፈሳሽ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ደም ያልደረሰው ወይም የተመረዘ ቆዳ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን በሐኪም መታየት አለበት። ሲስተር እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሳት መልስ አትጽፍም፤ ደውላ «አሁኑኑ ና» ነው የምትለው።