ያረጀች የጥበቃ መርከብ፦ መሸጥ ወይስ ቆራርጦ ማስወገድ?

ትንሽ ባሕር ኃይል መርከቡን የሚያሰናብተው እስኪበቃት ካሠራት በኋላ ነው። ሁለቱን የአየርላንድ የጥበቃ መርከቦች፣ አሽሊንግን እና ኤትናን እንይ። ሁለቱም ከ35 ዓመት በላይ አገልግለዋል። መጨረሻቸው ግን ለየቅል ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)።

አሽሊንግ ሥራ የጀመረችው በ1980 ነው። የዘወትር ሥራዋ ዓሣ አስጋሪዎችን መቆጣጠር ነበር። በ1985 የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን 329 ሰው ይዞ አትላንቲክ ላይ ሲወድቅ ግን፣ አስከሬን ከውኃ ካወጡት መካከል የእሷ መርከበኞች ነበሩ። በ2016 ጡረታ ወጣች። በዓመቱ በጨረታ 110,000 ዩሮ አወጣች፤ ለመርከብ ይህ የውኃ ዋጋ ነው። የገዛት የኔዘርላንድ ደላላ ነው። ከዚያ እጅ በእጅ ተላልፋ ሊቢያ ገባች። ስሟ «አል ካራማ» ተባለ፣ የምሥራቅ ሊቢያው የጦር አዛዥ የኻሊፋ ሃፍታር ኃይል የጦር መርከብም ሆነች። ልብ በሉ፣ ሊቢያ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ላይ ነበረች። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎችም ጉዳዩን በሪፖርታቸው አንስተውታል።

ኤትና በኮርክ ተሠርታ በ1984 ባሕር ኃይሉን ተቀላቀለች። የሄሊኮፕተር ማረፊያ ነበራት። በ2015 ሜዲትራኒያን ላይ ከ3,000 በላይ ስደተኞችን ታድጋለች። በ2022 ተሰናበተች። ሙዚየም ትሁን የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ ግን አልሆነም፣ እንድትቆራረጥ ተወሰነ።

ለእኔ መቁረጡ ይሻላል። ሽያጩ ጥቂት ዩሮ ያስገኛል፤ መርከቧ ነገ የማን እንደምትሆን ግን ሻጩ መቆጣጠር አይችልም። መድፏን ነቅሎ መሸጥም ዋስትና አይሆንም፤ ገዢው ሌላ ይተክልባታል።