የድሮ ባህር ዳር ሰዎችን በታንኳ፣ የግማሽ ቀን ጉብኝት

የአክስቴ ልጆች ከአዲስ አበባ መጥተው ገዳም በሞተር ጀልባ መሄድ ሰለቸን ሌላ ነገር አሳየን ሲሉኝ ነው ስለ ድሮ ነዋሪዎች የሚያወራውን ይሄን ጉብኝት የያዝኩት። እዚሁ ተወልጄ ነው ያደግኩት፣ ግን ከሰማሁት ግማሹን አላውቀውም ነበር።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገርና ልገላገል። ጠዋት 2 ሰዓት ተባብለን አስጎብኚው የመጣው 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ ላይፍ ጃኬቱም ለአራታችን ሁለት ብቻ ነበር፣ ሐይቅ ላይ እንዲህ አይሆንም፣ ይስተካከል።

የተጀመረው ከጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ነው። ግቢው ውስጥ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ፎቅ ስንቴ አልፌዋለሁ መሰላችሁ፣ ፔድሮ ፓኤዝ ያሠራው ነው ይባላል፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1618 የግልገል ዓባይን ምንጭ ያየው ስፔናዊ ቄስ። ፋብሪካው፣ ፖሊ የምንለው ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ሰፋፊው መንገድ፣ ዘንባባው፣ ከተማ ያልነው በሙሉ የመጣው በኋላ ነው፣ ጨርቃ ጨርቁ ራሱ በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1961 እ.ኤ.አ. ነው ሥራ የጀመረው። ከዛ በፊት ቤተክርስቲያኑን የተጠጋ መንደርና ዳር ዳሩን ወይጦ የሚባሉት የጣና ዳር ሰዎች ነበሩ።

እኔን የያዘኝ ይሄ የወይጦዎቹ ክፍል ነው። ጉማሬ አድነው ይበሉ ነበር፣ ከቆዳው አለንጋ ይሠሩ ነበር፣ ወፍጮ ድንጋይ ጠርበው ይሸጣሉ፣ እስላም ነን ሲሉ እስላሙ ጉማሬ ትበላላችሁ ብሎ አይቀበላቸውም፣ ክርስቲያኑም አብሯቸው አይበላም፣ በገዛ ሐይቃቸው ዳር ከሁሉም ተገልለው ኖሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሲያልፍ ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ሆኖ ነው የተገኘው። አንድ ሙሉ ቋንቋ እኮ ነው፣ እዚሁ እኛ ሻይ የምንጠጣበት ዳር ላይ የጠፋው፣ ትምህርት ቤት 12 ዓመት ስቀመጥ አንድ አስተማሪ እንኳን አልነገረኝም፣ ይሄ በጣም አሳዝኖኛል።

ከዛ አስጎብኚው ታንኳ የሚሠሩ አባት ጋ ወሰደን። የደረቀ ደንገል (ፓፒረስ) ጠቅልለው በጉልበታቸው ይጫኑታል፣ ከራሱ ከደንገሉ ልጣጭ በተገመደ ገመድ ጠፍረው ጫፉን በጥርሳቸው ይዘው ይስባሉ፣ ሚስማር የለ ምን የለ። የአክስቴ ልጅ "አባባ ስንት ጊዜ ያገለግላል?" ሲላቸው "ውሃ ከጠጣ አለቀለት ልጄ፣ ሥራ ስትጨርስ አውጥተህ ካላቆምከው ይበሰብስብሃል" አሉት። ስንሳፈር ወገባችን ድረስ ረጠብን፣ ታንኳ ውሃ ያስገባል ግን አይሰጥምም፣ ልጆቹ ደስታቸውን አልቻሉትም።

ዋጋው ለአገሬው ሰው ከበድ ይላል ግን አልቆጨኝም። እኚህ አባት ጋ የቆየነው ግን ሃያ ደቂቃ አይሞላም፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሁን፣ ከተማ ውስጥ በመኪና የምንዞረውን ይቀንሱት። የምትሄዱ ጠዋት ያዙ፣ ከሰዓት ጣና ንፋስ ያነሳል። እኔ በሚቀጥለው ወር እናቴን ይዣት እመለሳለሁ፣ ልጅ እያለች ከዘጌ በታንኳ የመጣ እንጨት ሲራገፍ ዳር ቆማ ታይ ነበር።