በሐዋሳ የተከታተልሁት የኢሚዩኖሎጂ ማጠናከሪያ ትምህርት

ለሙያ ብቃት ምዘና በምዘጋጅበት ወቅት፣ ሐዋሳ ውስጥ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ የኪራይ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ የኢሚዩኖሎጂ (ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ሥርዓት ጥናት) ማጠናከሪያ ትምህርት ለስድስት ሳምንታት ተከታትያለሁ። በነርስነት ስሠራ ፔኒሲሊን በወጋሁ ቁጥር ታካሚው ላይ ድንገተኛ ከባድ አለርጂ (አናፊላክሲስ) ይነሣ ይሆን የሚል ስጋት አይለየኝም ነበርና፣ ከፈተናው ይልቅ ያስመዘገበኝ ይህ ስጋት ነው።

የትምህርቱ ትልቁ ብርታት የኮምፕሌመንት ሥርዓት፣ ማለትም በደም ውስጥ ሆነው ጀርምን ለማጥፋት በተራ የሚነቁ ፕሮቲኖች፣ የቀረበበት መንገድ ነው። ኮሌጅ ሳለን ሲ1፣ ሲ2፣ ሲ3 እያልን የሸመደድነውን ነገር መምህሩ የጀመሩት ከአንድ ሙከራ ነበር፤ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ) በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ቢሞቅ አንቲቦዲው (ጀርምን ለይቶ የሚይዘው ፕሮቲን) ሳይጠፋ ባክቴሪያ የማፍረስ አቅሙ እንደሚከስም፣ ያልሞቀ ትኩስ ሴረም ሲጨመርበት ግን አቅሙ እንደሚመለስ አስረዱን። የ1919 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ቤልጅጋዊው ዡል ቦርዴ የደረሰበት ይህን ነበር። አብረውን የሚማሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ለቪዲአርኤል (የቂጥኝ) ምርመራ ሴረም የሚያሞቁበት ምክንያት የገባቸው ያን ዕለት እንደሆነ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ኮምፕሌመንት የሚነቃባቸው ሦስቱ መንገዶች በሲ3 ላይ እንደሚገናኙ፣ ሲ3ቢ ጀርሙ ላይ ተለጥፎ ለሚውጡት ሕዋሳት ምልክት እንደሚሆን፣ ሲ5ኤ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደሚጠራ፣ ከሲ5ቢ እስከ ሲ9 ያሉት ደግሞ ተገጣጥመው የጀርሙን ሽፋን እንደሚበሱ መከተል ቀላል ሆነልኝ።

ጄል እና ኩምብስ በ1963 እ.ኤ.አ. የመደቧቸው አራቱ የሃይፐርሴንሲቲቪቲ (የመከላከያ ሥርዓቱ ከልክ በላይ ሲቆጣ የሚያደርሰው ጉዳት) ዓይነቶችም የቀረቡት በዚሁ ጥያቄ ነበር፦ ኮምፕሌመንት አለበት ወይስ የለበትም? የመጀመሪያው ዓይነት አይጂኢ (የአለርጂ አንቲቦዲ) እና ማስት ሴል (ሂስታሚን የሚለቅ ሕዋስ) የሚመሩት ነው፤ አራተኛው የቲ ሴል (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ) ሥራ በመሆኑ የቲቢ የቆዳ ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ ይነበባል። ኮምፕሌመንት ጎልቶ የሚታየው በመካከለኞቹ ነው። ሁለተኛውን የማይስማማ ደም በተሰጠው ሰው ላይ የሚፈርሰው ቀይ የደም ሕዋስ አሳይቶልናል። በሦስተኛው ላይ ግን መምህሩ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ቆዩ፤ ደግም አደረጉ። ጉሮሮው ወይም ቆዳው በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ከተጠቃ ከሳምንታት በኋላ ፊቱ አብጦ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ የሚመጣ ልጅ የሲ3 መጠኑ ለምን እንደሚወርድ፣ ማለትም በኩላሊቱ ማጣሪያ ላይ በተከማቸው የአንቲጅን (አንቲቦዲው የሚይዘው ባዕድ ነገር) እና የአንቲቦዲ ጥምር ምክንያት እንደሚያልቅ፣ ያን ያህል ግልጽ ሆኖልኝ አያውቅም።

የታደለን ሃንድአውት (የትምህርቱ ጽሑፍ) ግን ከመምህሩ እጅግ ያነሰ ነው። ከሦስቱ አንዱ የሆነውን የክላሲካል መንገድ ቅደም ተከተል በቁጥር ደርድሮ ሲ1፣ ሲ2፣ ሲ3፣ ሲ4 ይላል፤ ትክክለኛው ሲ1፣ ሲ4፣ ሲ2፣ ሲ3 ነው። ይህ በፈተና አንድ ነጥብ ያስጥል ይሆናል፤ ሌላው ስሕተት ግን ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል ነው። ለአናፊላክሲስ በመጀመሪያ የሚሰጠው ፀረ ሂስታሚን እንደሆነ ተጽፏል። የመጀመሪያው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም በጭኑ መካከል ከውጭ በኩል ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፣ ካልተሻለውም ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ፀረ ሂስታሚን ማሳከክንና ሽፍታን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ አየር መንገድ አይከፍትም፣ የወረደ የደም ግፊትም አያነሣም። ለአስተባባሪዎቹ ነግሬያቸው በሚቀጥለው ዙር እንደሚታረም ቃል ገብተዋል፤ በእጃችን ያለው ቅጂ ግን ትምህርቱ እስኪያልቅ አልተለወጠም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከኋላ ለተቀመጠ ሰሌዳው አይታይም። ሆኖም መድኃኒት ለሚወጋ ማንኛውም ባልደረባዬ ይህ ትምህርት ጊዜውንና ክፍያውን የሚያካክስ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚመዘገብ ሰው ከፊት ይቀመጥ፣ የራሱን ማስታወሻ ይያዝ፣ የሃንድአውቱን የአናፊላክሲስ ገጽም እንደተቀበለ በእስክሪብቶ ያርመው።