ለሐዋሳ ግቢ ሙዝ፦ የፓኬት ዘር፣ የሙዝ ልጅ ወይስ የቲሹ ካልቸር ችግኝ?

ኦንላይን በፓኬት የሚሸጥ «የሙዝ ዘር» አይታችሁ «ግቢዬ ላይ ብዘራውስ?» ካላችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት አንድ ሙዝ ልጣችሁ መሃሉን ቁረጡ። በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ታያላችሁ። ዘር ሊሆኑ ጀምረው የቀሩ ናቸው። ብትዘሯቸው አይበቅሉም።

ካቨንዲሽ፣ ማለትም ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው ሙዝ፣ የክሮሞሶም ስብስቡ እንደ ብዙው ተክል ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው። ሦስት ለሁለት እኩል አይካፈልም። ስለዚህ ዘር መሥራት አይሆንለትም፤ ፍሬው ያለ አበባ ብናኝ ራሱ ይሞላል። «የካቨንዲሽ ዘር» የሚል ፓኬት ካያችሁ እንግዲህ ውሸት ነው። ደማቅ ሰማያዊና ቀይ ሙዝ በፎቶ እያሳዩ የሚሸጡትም እንደዚያው። ቀይ ሙዝ በእርግጥ አለ፤ የሚራባው ግን ከሥሩ በሚወጣ ልጅ ነው።

እውነተኛ የሙዝ ዘር ከዱር ሙዞች ይገኛል። ጥቁር፣ እንደ ጠጠር የጠነከረ፣ አተር የሚያህል ነው። ከእነዚህ ለቤት የሚመቸው ሙሳ ቬሉቲና ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ፣ ፍሬው ሮዝ ቀለም፣ ሲበስል ልጣጩ ራሱ ይከፈታል። ለዓይን በጣም ያምራል። ለመብላት ግን አይሆንም፤ ውስጡ በዘር የተሞላ ነው። ዘሩን ለብ ባለ ውሃ ሁለት ሦስት ቀን ዘፍዝፉት፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ከዚያ ቀን ሞቃት ሌሊት ቀዝቀዝ የሚል ቦታ አስቀምጡት። ሊበቅል ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ገና ይተኛል። ልጆቻችሁ ተክል ሲበቅል እንዲያዩ ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው። ሙዝ ለመብላት ከሆነ ግን እዚህ ላይ ተዉት።

«የአቢሲኒያ ሙዝ» ተብሎ የሚሸጥ ዘርም አለ። እሱ የራሳችን እንሰት ነው። ፍሬው አይበላም። ለውበት ከፈለጋችሁት ደግሞ ለዘር ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ሐዌላ ቱላ ብቅ ብትሉ እንሰት የሌለበት ጓሮ ማግኘት ይከብዳል። ገበሬውም የሚያራባው በዘር አይደለም። የአሚቾውን፣ ማለትም የሥረ ግንዱን፣ እምብርት አውጥቶ አሚቾውን ይቀብራል፤ ከአንዱ ብዙ ቡቃያ ይወጣል።

ስለዚህ ለሚበላ ሙዝ ምርጫው ሁለት ነው፦ የሙዝ ልጅ ወይም የቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ላብራቶሪ ውስጥ የተራባ፣ ችግኝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ሐዋሳ ላይ ለምትተክሉ ግን ከዋጋ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ እናትየው የት ነው ያለችው?

ምክንያቱ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ባክቴሪያው በሳይንስ የተመዘገበው እዚሁ ኢትዮጵያ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. እንሰት ላይ ነው። በ1974 ደግሞ ሙዝ ላይ ታየ። በ2001 ኡጋንዳ ገብቶ የሙዝ እርሻዎችን አወደመ። ከእንሰት ወደ ሙዝ፣ ከሙዝ ወደ እንሰት ይተላለፋል። ዋናው አሻጋሪ ደግሞ እኛው የምንይዘው ቢላዋና ገጀራ ነው። ሲዳማ የእንሰት አገር ስለሆነ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። የታመመ ተክል ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ወይም ክሬም መሳይ ፈሳሽ ያወጣል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ፍሬው ያለ ጊዜው ይበስላል፣ ሲቆረጥ ውስጡ ቡናማ ነው። ክፋቱ፣ ልጅየዋ ጤነኛ መስላ በሽታውን ይዛ ልትመጣ ትችላለች። መድኃኒት የለውም፤ መንቀል ነው።

ስለዚህ ልጅ ስትገዙ መንገድ ዳር ተቆርጦ ከተደረደረው አትውሰዱ። ሻጩ እናትየዋን ያሳያችሁ። ጓሮው ውስጥ የጠወለገ ሙዝ ወይም እንሰት ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ጎረቤታችሁ ግቢ ዓመት ከዓመት ጥሩ የሚያፈራ ጤነኛ ሙዝ ካለ ግን ከዚያ የተሻለ አታገኙም። በዋጋም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያስወጣችሁ የመቆፈሪያ ጉልበት ብቻ ነው።

የትኛዋን ልጅ? ቅጠሏ እንደ ጎራዴ ቀጭን፣ ሥሯ ወፈር ያለውን ምረጡ። ቁመቷ ከጉልበት እስከ ወገብ ይሁን። በትንሽነቷ ሰፋፊ ቅጠል ያወጣችው ታምራለች ግን ደካማ ናት፤ ከእናቷ ጋር ያላት ግንኙነት ቀጭን ስለሆነ በቂ ምግብ አልያዘችም። ሥረ ግንዷን ደግሞ ገልብጣችሁ እዩ። ጥቁር ቀዳዳና መተላለፊያ ካለበት የሙዝ ጢንዚዛ ገብቶበታል፤ ተዉት። ንጹሕ ከሆነ አፈሩን አጥባችሁ፣ ሥሩንና ውጪውን ነጭ እስኪሆን ላጡት። ከዚያ የተላጠውን ሥረ ግንድ የፈላ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ንከሩት። ይህ ኒማቶድ የሚባሉትን ሥር የሚያበላሹ ጥቃቅን ትሎች ይገድላል። አጠውልግን ግን አያድንም፤ እናትየዋን እዩ የምለውም ለዚህ ነው። የምትቆርጡበትን ቢላዋ በበረኪና ወይም በእሳት አጽዱ፤ ከአንድ ተክል ወደ ሌላው በተሻገራችሁ ቁጥር።

የቲሹ ካልቸር ችግኝ ከጢንዚዛና ከኒማቶድ ነፃ ሆኖ ይመጣል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ከትንሽ የእድገት ጫፍ የተራባ ነውና። እኩል ያድጋል፣ ዓይነቱም የታወቀ ነው። ግን ክትባት የወሰደ አይደለም፤ ከተተከለ በኋላ በሽታ ሊይዘው ይችላል። መጀመሪያ ወራት ላይም ለውሃ እጥረት ስስ ነው። ሲሸጥላችሁ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር የደረሰ፣ አምስት ስድስት ጤነኛ ቅጠል ያለው፣ ጥላ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ፀሐይም የለመደ መሆኑን አረጋግጡ። ቅጠሉ የተዥጎረጎረውን ወይም ቅርጹ የተዛባውን አትውሰዱ። ከየትኛው ላብራቶሪ እንደመጣ መናገር የማይችል ሻጭም ይቅርባችሁ።  ፍለጋውን በቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ጀምሩ።

የእኔ ምርጫ? ጎረቤት ላይ የምታውቁት ጤነኛ ሙዝ ካለ፣ ልጅ ውሰዱ። ከሌለ፣ ወይም ግቢያችሁ አጠገብ እንሰት ካለ፣ ዋጋው ቢወደድም የቲሹ ካልቸሩን ግዙ። አንዴ ብቻ ነው የምትገዙት፤ ቀጣዮቹ ልጆች ከራሳችሁ ተክል ይወጣሉ።

ስለ ዓይነቱም አንድ ነገር። ድዋርፍ ካቨንዲሽ ሁለት ሜትር አካባቢ ስለሆነ የሐይቁ ነፋስ በቀላሉ አይጥለውም። ችግሩ ብርድ ነው፤ ብርድ ሲመታው ዘለላው አንገቱ ላይ ታንቆ ሊቀር ይችላል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ግቢያችሁ በግንብ ከተከለለ ረዘም የሚለው ግራንድ ኔን ይሻላችኋል። ሜዳ ላይ ነፋስ የሚመታው ከሆነ ድዋርፉን ፀሐይ የሚያሞቀው ግድግዳ ጥግ ትከሉት። በሁለቱም ቢሆን አርባ ምንጭ ላይ ከምትሰሙት ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚያፈራው፤ አርባ ምንጭ ቆላ ናት።

ዝናብ ሲገባ ትከሉ። ጉድጓዱ በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም እንደዚያው ይሁን፤ የበሰለ ፍግ ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉበት። ሲያፈራ፣ ከዘለላው ጫፍ የሚንጠለጠለውን ሐምራዊ እምቡጥ የመጨረሻው የሙዝ ረድፍ እንደወጣ ስበሩት፤ ነፍሳት አጠውልግን ይዘው የሚገቡት በእሱ በኩል ነው። በቢላዋ ሳይሆን ባላ ባለው እንጨት ጠምዝዛችሁ ስበሩት።