የማሾ ዋጋ በቴሌግራም፦ ተከፍሎበት ያዋጣል?

ሸዋሮቢት እህል የሚነግድ ሁሉ ሰሞኑን ስለዚህ የዋጋ አገልግሎት ይጠይቀኛል። ስሙን ልተወው፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። በየጠዋቱ የማሾ፣ የሽምብራ፣ የስንዴና የጤፍ ዋጋ ይልካል፤ በአንድ ዓምድ የአገር ውስጡን፣ በሌላው የውጭውን። የወር ክፍያው በቴሌብር ነው፣ ኪስ አይጎዳም።

የአገር ውስጡ አሪፍ ነው። የሸዋሮቢት፣ የአጣዬና የደብረ ብርሃን ዋጋ ለየብቻው ይመጣል፣ ከጎኑ የአዲስ አበባው እህል በረንዳ አለ። ደላላ «ዛሬ ገበያው ሞቷል» ሲለኝ ስልኬን አውጥቼ አሳየዋለሁ፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። ደረጃም ይለያሉ፤ የተበጠረ ማሾና አፈር የበዛበት ማሾ በአንድ ዋጋ አይጠሩም።

ጣጣው የውጭው ዓምድ ላይ ነው። የቶኑን ዋጋ በዕለቱ ምንዛሪ ያባዙና በኩንታል ብር ያስቀምጡታል፣ በቃ። ለምሳሌ ቶኑ 900 ዶላር፣ ዶላሩ 100 ብር ቢሆን ኩንታሉ 9,000 ብር ይላል። ገበሬው ይህን አይቶ «ታዲያ ለእኛ የምትሰጡን ምንድን ነው?» ብሎ ይቆጣል፣ አልፈርድበትም። ግን ያ ዋጋ ተበጥሮ፣ ጆንያ ተቀይሮለት፣ ጅቡቲ መርከብ ላይ የተጫነ ማሾ ዋጋ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን የጣርማ በርን ዳገት የሚወጣው መኪና ኪራይ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ሲበጠር የሚጎድለው አፈርና ስባሪ፣ የባንክ ወለዱ፣ አንዱም አልተቀነሰም።

ስጋቱንማ ጭራሽ አያነሱትም። ምንዛሪውን ብቻ እንኳ ብንወስድ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ያው 900 ዶላር ኩንታሉን 5,130 ብር ያደርገው ነበር። ምንዛሪው በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ ግን በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ማሾው ያው ማሾ ነው። ማሾና ሽምብራ የምትገዛን ሕንድ ደግሞ በየካቲት 2014 ማሾ ያለ ፈቃድ እንዳይገባ አደረገች፣ በ2010 የሽምብራ ቀረጧን እስከ 60 በመቶ አድርሳ ነበር። መጋዘኑን ሞልቶ ለተቀመጠ ሰው ዋናው ዜና ይህ ነው፤ እነሱ ግን የሚልኩት ቁጥር ብቻ።

ስንዴው ደግሞ ያስቃል። የአሜሪካውን የቺካጎ እህል ገበያ ዋጋ «600» ብለው ይለጥፉታል። 600 ምን? የአሜሪካ ሳንቲም ነው፣ ለአንድ ቡሼል። የስንዴ ቡሼል 27 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ኩንታሉ 22 ዶላር አካባቢ ይመጣል። ይህን አስልቶ መላክ ምን ያቅታል? ደግሞ እዚያ የሚቆረጠው ወራት ቆይቶ የሚረከቡት ስንዴ ዋጋ ነው፤ የአሜሪካ ገበሬ አጨዳ ሳይደርስ ዋጋውን ቆርጦ መተኛት ይችላል። የእኛው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚያገበያየው መጋዘን የገባውን ነው፣ እስከዚያ ያለውን ስጋት የሚሸከመው እህሉን የያዘው ሰው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ማለት ሰው ያሳስታል።

ለምንጃር ጤፍ የውጭ ዋጋ አለማስቀመጣቸው ግን ልክ ነው፣ የጤፍ ዋጋ እዚሁ ነው የሚወሰነው።

ከአምስት ሦስት እሰጣቸዋለሁ። ነጋዴ ከሆናችሁ ያዙት። ገበሬ ከሆናችሁ የውጭውን ዝለሉትና በአጣዬና በደብረ ብርሃን መካከል ያለውን ልዩነት ከመኪና ኪራዩ ጋር አስተያዩት። መልእክቱ የሚገባው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ስለሆነ በገበያ ቀን ማልዶ ለሚወጣ አይደርስም፤ ነግሬያቸው «እናያለን» ብለውኛል።